በኮምፒዩተርዎ ውስጥ የሚሠራው እንግዳ ማን ነው?

ትክክለኛውን ፕሮግራም ከአጥፊው መለየት፦ ለባለሱቆችና ለባለታክሲዎች

"ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ" ይላል የአገራችን ተረት። ጅቡ ቁርበቱን ሊበላው እንጂ ሊተኛበት እንዳልመጣ የሚያውቅ ሰው በዚያ አገር አልነበረም። በየሱቃችን ባንኮኒ ላይ ያለው ኮምፒዩተርና በየታክሲያችን ውስጥ የተሰካው ስልክም ለብዙዎቻችን እንደዚያ ያለ አገር ናቸው። ውስጣቸው ገብቶ የተቀመጠውን ሁሉ ለይተን አናውቀውም። ስለዚህም "ከማይክሮሶፍት ነኝ"፣ "ከባንክዎ ነኝ"፣ "ከፖሊስ ነኝ" እያለ ለመጣ ሁሉ ቁርበት ስናነጥፍ እንገኛለን።

ውድ አንባብያን፣ በዤኔቭ ፓኪም ሆነ በዙሪክ ላንግሽትራሰ አካባቢ ሱቅ ያላቸው ወገኖች ለሂሳብ ሥራ ሲመጡ ስለ ቫትና ስለ ማኅበራዊ ዋስትና ክፍያ ከጠየቁኝ በኋላ አሁን አሁን አንድ ሌላ ጥያቄ ይጨምራሉ። "ኮምፒዩተሬ እየዘገመ አስቸገረኝ። የሚሠሩትን ፕሮግራሞች ዝርዝር ስከፍተው የማላውቀው ስም ሞልቶበታል። ቫይረስ ይሆን?" ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ስለዚህ የዚህን እትም አምድ ለዚሁ ጉዳይ አውለነዋል። እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የቴክኒክ ሰዎች ጉዳይ ብቻ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም። የስዊስ ሕግ ነጋዴ የሂሳብ መዝገቡንና ደረሰኞቹን ለ10 ዓመት እንዲያስቀምጥ ያስገድዳል። መዝገቡ ያለው በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ብቻ ከሆነና አጥፊ ፕሮግራም ቆልፎ "ገንዘብ ካልከፈልክ አልከፍትም" ካለ፣ የግብር መሥሪያ ቤቱ "ቫይረስ በላው" የሚለውን ምክንያት እንደ ደረሰኝ አይቀበልም። የሱቁ ገንዘብ በአንድ ሌሊት ከተወሰደ ደግሞ የቤት ኪራይና የሠራተኛ ደመወዝ ይጓደላል፤ ከዚያ በዤኔቭ ኦፊስ ዴ ፑርስዊት፣ በዙሪክ በትራይቡንግስአምት የሚባለው የዕዳ ማስከበሪያ ቢሮ ደብዳቤ ይከተላል። ለሲ ፈቃድ ወይም ለዜግነት ያመለከተ ሁሉ ከዚህ ቢሮ የሚወጣ ንጹሕ ማስረጃ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ያውቀዋል። በዚያ ላይ የመኖሪያ ፈቃዳችን፣ የፓስፖርታችን፣ የልጆቻችን የልደት ወረቀት ቅጂ፣ አገር ቤት ያሉ ዘመዶቻችን ስልክ ሁሉ የሚቀመጠው በዚሁ ዕቃ ውስጥ ነው።

ዝርዝሩ እንዴት ይታያል?

በዊንዶውስ ኮምፒዩተር ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕ የሚባሉትን ሦስት ቁልፎች በአንድ ጊዜ ሲጫኑ በዚያች ሰዓት የሚሠሩት ፕሮግራሞች ዝርዝር ይከፈታል። በእንግሊዝኛና በጀርመንኛ ታስክ ማናጀር፣ በፈረንሳይኛ ዤስቲዮኔር ዴ ታሽ ይባላል። የማክ ኮምፒዩተር ያላችሁ አክቲቪቲ ሞኒተር የሚለውን ትከፍታላችሁ።

መጀመሪያ የሚያስደነግጠው የዝርዝሩ ብዛት ነው። ነገር ግን ብዛት ብቻውን ምልክት አይደለም። ለምሳሌ ኤስ-ቪ-ሲ-ሆስት የሚባለው ስም ሃያ፣ ሠላሳ፣ ከዚያም በላይ ጊዜ ተደጋግሞ ሊታይ ይችላል። ይህ የዊንዶውስ የራሱ ተሸካሚ ነው፤ ብዙ የውስጥ አገልግሎቶችን እያቀፈ ስለሚያሠራ መደጋገሙ ጤናማ ነው። እንደዚሁም "አንቲማልዌር ሰርቪስ" የሚለው ስም አንዳንድ ጊዜ የማሽኑን ጉልበት ሲጨርስ ይታያል። ስሙን አይተው "ማልዌር ገባብኝ" ብለው የሚደናገጡ አሉ። እሱ ግን የማይክሮሶፍት ዲፌንደር ነው፤ ማለትም ዘበኛው ራሱ እየዞረ ነው። ዘበኛን ሌባ ብሎ ማባረር ደግሞ ለእውነተኛው ሌባ በር መክፈት ነው።

አምስት ጥያቄዎች

እኛ የሂሳብ ሰዎች የማናውቀው ደረሰኝ እጃችን ሲገባ ወዲያው አንከፍልም፣ ወዲያውም አንቀድደውም። ከማን እንደመጣ፣ አድራሻው የት እንደሆነ፣ ማን እንደፈረመበት፣ መቼና በማን ትእዛዝ እንደተጻፈ፣ ለምን ሥራ እንደሆነ እንጠይቃለን። የማናውቀውን ፕሮግራምም በዚሁ መንገድ መመርመር ይቻላል።

አንደኛ፣ ስሙ። "ስምን መልአክ ያወጣዋል" ይባላል፤ የፕሮግራምን ስም የሚያወጣው ግን ሰሪው ስለሆነ ያሻውን ስም ይሰጠዋል። አጥፊ ፕሮግራም የሚሠሩ ሰዎች ከሚወዷቸው ዘዴዎች አንዱ የታወቀ ስም ወስዶ አንዲት ፊደል ማዛነፍ ነው። ኤስ-ቪ-ሲ-ሆስት የሚለውን ኤስ-ሲ-ቪ-ሆስት ያደርጉታል፤ ኤል የምትባለውን የላቲን ፊደል በአንድ ቁጥር፣ ኦን በዜሮ ይተካሉ። ስለዚህ ስሙን ፊደል በፊደል ያንብቡት። ስሙ ትክክል ቢሆንም እንኳ ገና አልጨረስንም፤ ማንም ሰው የሌላውን ስም ሙሉ በሙሉ ሊጠራበት ይችላልና።

ሁለተኛ፣ አድራሻው። ይህ ከስሙ ይበልጥ የሚታመን ነው። በስሙ ላይ የቀኙን የማውስ ቁልፍ ሲጫኑ ከሚመጡት ምርጫዎች መካከል ፋይሉ ያለበትን ቦታ የሚከፍተው አለ። በፈረንሳይኛ ኡቭሪር ላምፕላስማን ዱ ፊሺዬ፣ በጀርመንኛ ዳታይፕፋት ኧፍነን ይላል። እውነተኛው ኤስ-ቪ-ሲ-ሆስት የሚኖረው በሲ ድራይቭ፣ ዊንዶውስ በሚለው ፎልደር፣ ሲስተም 32 በሚባለው ውስጥ ነው። ያው ስም ከዳውንሎድ ፎልደር ወይም ቴምፕ ከሚባለው ጊዜያዊ ማከማቻ እየሠራ ካገኙት አስመሳይ ነው። በዚህ ግን አንድ ጥንቃቄ ያሻል። አፕዳታ የሚባለው የተደበቀ ፎልደር አጥፊዎች የሚወዱት ቦታ ቢሆንም እንደ ዙም ያሉ ትክክለኛ ፕሮግራሞችም እዚያ ሊቀመጡ ይችላሉ። ስለዚህ አፕዳታ ውስጥ መገኘት ጥርጣሬን እንጂ ፍርድን አያመጣም።

ሦስተኛ፣ ፊርማውና ማኅተሙ። በፋይሉ ላይ እንደገና የቀኙን ቁልፍ ተጭነው ባሕርያቱን የሚያሳየውን ገጽ ሲከፍቱ፣ ብዙ ጊዜ ስለ ዲጂታል ፊርማ የሚናገር ክፍል ያገኛሉ። በፈረንሳይኛ ሲኛቱር ኑሜሪክ፣ በጀርመንኛ ዲጂታለ ሲግናቱረን ይባላል። እዚያ የሰሪው ድርጅት ስም ተጽፎ ፊርማው የጸና መሆኑ ይነገራል። አንዳንድ የዊንዶውስ የራሱ ፋይሎች ይህ ክፍል ላይኖራቸው ስለሚችል አለመኖሩ ብቻውን ወንጀል አይደለም። ከታወቀ ትልቅ ድርጅት መጣሁ የሚል የባንክ ወይም የሂሳብ ፕሮግራም ግን ፊርማ ከሌለው አያስገቡት።

አራተኛ፣ መቼ መጣ፣ ማንስ አስገባው? ፋይሉ የተፈጠረበትን ቀን ይመልከቱ። በዚያ ቀን ምን ተደርጎ ነበር? ልጅ ጨዋታ አውርዶ ነበር? ሠራተኛው በኢ-ሜይል የመጣ "ያልተከፈለ ሂሳብ" ከፍቶ ነበር? ከዚያው ከታስክ ማናጀር ውስጥ ኮምፒዩተሩ ሲነሣ አብረው የሚነሡትን ፕሮግራሞች የሚያሳይ ክፍል አለ፤ በጀርመንኛ አውቶስታርት ይባላል። አጥፊ ፕሮግራም ማሽኑ ጠፍቶ ሲበራ ተመልሶ መነሣት ስለሚፈልግ ብዙ ጊዜ እዚህ ስሙን ያስመዘግባል።

አምስተኛ፣ ምን እየሠራ ነው? የሰነድ ማንበቢያ ነኝ ያለ ፕሮግራም ሰነድ ሳይከፈት ሌሊቱን ሙሉ ወደ ኢንተርኔት የሚልክ ከሆነ፣ ወይም ሱቁ ተዘግቶ ማሽኑ እንደ ወፍጮ የሚጮኽ ከሆነ፣ ከስሙ ጋር የማይሄድ ሥራ እየሠራ ነው።

ለዚህ ምርመራ የሚረዱ ነፃ መሣሪያዎች አሉ። ማርክ ሩሲኖቪች ከጓደኛው ጋር በ1996 በጀመሩትና ማይክሮሶፍት በ2006 በገዛው ሲስኢንተርናልስ ሥር የሚገኘው ፕሮሰስ ኤክስፕሎረር አንዱን ፕሮግራም የትኛው ፕሮግራም እንደወለደው ጭምር ያሳያል። ቫይረስቶታል የሚባለው ድረ ገጽ ደግሞ አንድን ፋይል ከ60 በሚበልጡ የቫይረስ መመርመሪያዎች ያስፈትሻል። ነገር ግን እዚያ የሚጫነውን ፋይል ሌሎች ሰዎችም ሊያገኙት ስለሚችሉ የደንበኛ ሂሳብ፣ የደመወዝ ዝርዝር ወይም የመኖሪያ ፈቃድ ቅጂ ፈጽሞ አይጫኑበት። ከ60ዎቹ አንዱ ወይም ሁለቱ ብቻ ቢጮኹ የሐሰት ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል። አብዛኞቹ ከጮኹ ግን ክርክር አያስፈልግም።

ፊርማ ያለው ሁሉ ወዳጅ አይደለም

አምስቱ ጥያቄዎች ብዙውን ነገር ያጠራሉ፤ ሁሉን ግን አይጨርሱም። በጁን 27 ቀን 2017 ኖትፔትያ የተባለው አጥፊ ፕሮግራም በዩክሬን የተለቀቀው በማን በኩል ነበር ቢሉ፣ ኤም-ኢ-ዶክ በተባለ የሂሳብና የግብር ፕሮግራም ማሻሻያ በኩል ነው። ነጋዴዎቹ ያደረጉት ትክክለኛ የሂሳብ ፕሮግራማቸውን እንደ ወትሮው ማሻሻል ብቻ ነበር። ጉዳቱ በዓለም ዙሪያ ተዛምቶ የዴንማርኩ የመርከብ ድርጅት ሜርስክ ብቻ እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር ሊደርስ የሚችል ኪሳራ ገምቷል። በዚያው ዓመት ሲክሊነር የተባለው ታዋቂ የኮምፒዩተር ማጽጃ አጥፊ ኮድ ተሰግስጎበት በሰሪው በራሱ ፊርማ ለሕዝብ ተሠራጭቶ ነበር። ለዚህ ዓይነቱ አደጋ መድኃኒቱ ማሻሻልን መተው አይደለም፤ ያልተሻሻለ ማሽን ይብሳልና። መድኃኒቱ ከማሽኑ ተነቅሎ የሚቀመጥ የመዝገብ ቅጂ መያዝ ነው።

ለእኛ ይበልጥ ቅርብ የሆነው ግን ሌላ ነው። ኤኒዴስክና ቲምቪወር የሚባሉት ከሩቅ ሆኖ ኮምፒዩተርን ለማዘዝ የሚያገለግሉ ሕጋዊ ፕሮግራሞች ናቸው። አድራሻቸው ትክክል፣ ፊርማቸው የጸና ነው፤ ፀረ-ቫይረሱም ዝም ሊላቸው ይችላል። ቢላዋ ሽንኩርት ይከትፋል፣ ሰውም ይወጋል፤ ልዩነቱ በያዘው እጅ ነው። አንድ ሰው ደውሎ "ከማይክሮሶፍት ነኝ፣ ኮምፒዩተርዎ ቫይረስ አለበት" ወይም "ከፖሊስ ነኝ፣ በስምዎ ወንጀል ተሠርቷል" ብሎ ይህን ፕሮግራም አስጭኖ ወደ ባንክ ገጽዎ እንዲገቡ ቢጠይቅዎ፣ በገዛ እጅዎ በሩን ከፍተውለታል። የስዊስ የፌዴራል የሳይበር ደህንነት መሥሪያ ቤት ስለዚህ ዓይነቱ ጥሪ ደጋግሞ አስጠንቅቋል። ማይክሮሶፍት ሳይጠራ አይደውልም፤ ፖሊስም የማንንም ኮምፒዩተር በኤኒዴስክ አይመረምርም። የመኖሪያ ፈቃዳችን ይነካብናል ብለን ከምንፈራው ፍርሃት የተነሣ "ከፖሊስ ነኝ" ለሚል ድምፅ ቶሎ የምንታዘዝ ብዙዎች ነን። ደዋዮቹም የሚያጠምዱት ይህን ፍርሃት ነው። ስልኩን ይዝጉና ራስዎ በ117 ይደውሉ።

በእኛው ወገኖች ላይ የደረሰው

"እኔን ማን ይፈልገኛል?" የሚል አንባቢ ቢኖር የሚከተለውን ያስተውል። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ የተባለ የምርምር ተቋም በማርች 2013 ባወጣው ጥናት፣ የግንቦት 7 አባላትን ፎቶግራፍ ማጥመጃ አድርጎ የተሠራ ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ፕሮግራም ማግኘቱን ገለጸ። በአሜሪካ ሜሪላንድ የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ፣ ለደህንነቱ ሲባል "ኪዳኔ" በሚል ስም ብቻ፣ በፌብሩዋሪ 2014 የኢትዮጵያን መንግሥት ከሰሰ። ክሱ እንደሚለው በኢ-ሜይል የተላከ አንድ የወርድ ሰነድ በመከፈቱ ፊንስፓይ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ገብቶ ከ2012 መጨረሻ እስከ ማርች 2013 ለወራት ያህል በስካይፕ የሚነጋገሩትን እየቀዳ፣ የቤተሰቡን የኢንተርኔት አጠቃቀም እየተከታተለ ቆይቷል። የዋሽንግተን የይግባኝ ፍርድ ቤት በማርች 14 ቀን 2017 ክሱን ውድቅ አደረገው። ምክንያቱም ድርጊቱ በሙሉ በአሜሪካ ምድር የተፈጸመ ስላልሆነ የውጭ መንግሥት በዚያ ፍርድ ቤት ሊከሰስ አይችልም የሚል ነበር። ማለትም ሰውየው ፕሮግራሙን ካገኘም በኋላ የሚጠይቀው አካል አላገኘም።

ያው ተቋም በዲሴምበር 2017 ባወጣው ሌላ ጥናት፣ ሳይበርቢት ከተባለ የእስራኤል ድርጅት የተገኘ የስለላ ፕሮግራም በውጭ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ላይ መዋሉን አስረዳ። የተጠቁት ማሽኖች በ20 አገሮች የታዩ ነበሩ። ማጥመጃው የዜና ቪዲዮ ነው፤ ሰውየው ሊንኩን ሲጫን "ቪዲዮውን ለማየት አዶቤ ፍላሽን ያሻሽሉ" ይለዋል፤ የተሻሻለ መስሎት የሚያስገባው ሰላዩን ነው። ከዚህ አንድ የማይረሳ ደንብ እናገኛለን፦ አዶቤ ፍላሽን በ2020 መጨረሻ ድጋፉን አቋርጦ ስለዘጋው ዛሬ "ፍላሽ ያሻሽሉ" የሚል ማንኛውም መልእክት ያለ ምርመራ ሐሰት ነው።

በየመንደሩ በፍላሽ ዲስክ የምንቀባበላቸው ቁልፋቸው የተሰበረ ፕሮግራሞችም ከዚህ ጋር ይጠቀሱ። የሃምሳ ፍራንክ ፕሮግራም በነፃ አገኘሁ ብሎ የሱቁን ሂሳብ ለአደጋ ማጋለጥ የንግድ ስሌት አይደለም። አማርኛ ለመጻፍ ከሆነ ደግሞ ዊንዶውስ የአማርኛ መጻፊያ በራሱ ውስጥ ስላለው ቋንቋውን ከቅንብሩ መጨመር ብቻ ይበቃል።

በስዊስ ምድር የታዩት

ትሬንድ ማይክሮ የተባለው ድርጅት በጁላይ 2014 ይፋ ያደረገውና በስዊሱ አይብ ስም "ኦፐሬሽን ኤመንታል" ያለው ዘመቻ የስዊስ፣ የኦስትሪያ፣ የስዊድንና የጃፓን ባንክ ደንበኞችን ያነጣጠረ ነበር። ፕሮግራሙ በኢ-ሜይል ገብቶ ኮምፒዩተሩ የባንኩን አድራሻ የሚፈልግበትን መንገድ ይቀይራል፣ የሐሰት የምስክር ወረቀት ይተክላል፣ ከዚያም ራሱን ያጠፋል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ በኋላ ቢመረመር የሚሠራ ፕሮግራም አይገኝም። ደንበኛው ግን ባንኩን ሲከፍት የሚደርሰው የሌባው ገጽ ላይ ነው። ገጹም ስልኩ ላይ አንድ መተግበሪያ እንዲጭን ያዘዋል፤ ያ መተግበሪያ ባንኩ በኤስ-ኤም-ኤስ የሚልከውን የምስጢር ቁጥር ይሰርቃል። ስለዚህ ዝርዝሩ ንጹሕ መሆኑ ማሽኑ ንጹሕ ለመሆኑ ሙሉ ማስረጃ አይደለም። የባንክ ገጽ ያልለመዱትን ነገር ከጠየቀዎ ያቁሙና በባንክ ካርድዎ ላይ ባለው ቁጥር ይደውሉ።

በ2016 ደግሞ ሜላኒ ይባል የነበረው የፌዴራል የመረጃ ደህንነት ማዕከል፣ ድሪዴክስ የተባለው አጥፊ ፕሮግራም የስዊስ ድርጅቶች ክፍያ የሚያዘጋጁባቸውን ፕሮግራሞች እየፈለገ መሆኑን አስታውቋል። ለክፍያ ብቻ የሚያገለግል፣ ኢ-ሜይል የማይከፈትበት ኮምፒዩተር መለየት እስከ ዛሬ ጥሩ ምክር ነው። ያገለገለ ርካሽ ላፕቶፕ ይበቃል፤ ነገር ግን ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ በኦክቶበር 14 ቀን 2025 ስላቆመ ዊንዶውስ 11 የሚቀበል ይሁን።

ባለታክሲዎች ደግሞ ይህን ያስታውሱ። በኖቬምበር 2024 ከፌዴራል የአየር ሁኔታ መሥሪያ ቤት የመጣ የሚመስል ደብዳቤ በፖስታ ሳጥኖች ውስጥ ገባ። በላዩ ያለውን የኪው-አር ምልክት በስልክ ያነሣ ሰው አለርትስዊስ የተባለውን የመንግሥት መተግበሪያ የሚያስመስል አጥፊ ፕሮግራም በአንድሮይድ ስልኩ ላይ እንዲያወርድ ይደረግ ነበር። ፕሮግራሙ ባንክን ጨምሮ ከ380 በላይ የሆኑ መተግበሪያዎችን የመግቢያ ምስጢር ለመስረቅ የተዘጋጀ ነበር። ወረቀትና የመንግሥት አርማ የምናከብር ሕዝብ ነን፤ ነገር ግን ከጎግል ፕሌይ ወይም ከአፕ ስቶር ውጭ የመጣ መተግበሪያ በምንም ደብዳቤ አይጫን።

ከጠረጠሩ ምን ያድርጉ?

በመጀመሪያ የኢንተርኔት ገመዱን ይንቀሉ፣ ዋይፋዩን ያጥፉ። ፋይሉን ለማጥፋት አይቸኩሉ፤ ለፖሊስና ለባንክ ማስረጃ ነው። ማያ ገጹን በስልክዎ ፎቶ ያንሡ። ከዚያ በሌላ ስልክ ወደ ባንክዎ ደውለው የኢንተርኔት አገልግሎቱን ያዘጉ፤ የወጣ ክፍያ ካለ እንዲያስቆሙት ይጠይቁ። እዚህ ላይ ደቂቃ ዋጋ አላት፤ ራሱ ደንበኛው ያጸደቀው ክፍያ ከወጣ በኋላ ማስመለስ በጣም ከባድ ነው። የይለፍ ቃላትዎን ከሌላ ንጹሕ ማሽን ይቀይሩ፤ ከኢ-ሜይልዎ ይጀምሩ።

በማሽኑ ላይ ዲፌንደር ኦፍላይን የሚባለውን ምርመራ ያስኪዱ፤ ይህ ዊንዶውስ ሳይነሣ ስለሚመረምር የተደበቀውን የማግኘት ዕድሉ ይሻላል። የባንክ ሥራ የሚሠራበት ማሽን ከሆነ ግን እንደ አዲስ አስጭኖ መዝገቡን ከቅጂው መመለስ ይመረጣል። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ በመከላከያ ሚኒስቴሩ ሥር ራሱን የቻለው የፌዴራል የሳይበር ደህንነት መሥሪያ ቤት ከማንኛውም ሰው ጥቆማ ይቀበላል። በጀርመንኛ ባክስ፣ በፈረንሳይኛ ኦ-ኤፍ-ሴ-ኤስ በሚል ምህጻር ይታወቃል። ለሱቅና ለታክሲ ማመልከቱ ግዴታ ባይሆንም ሌላውን ወገን ያድናል። ገንዘብ ከተወሰደ ደግሞ ለካንቶኑ ፖሊስ ክስ ያመልክቱ፤ የክሱ ቅጂ ለኢንሹራንስም ለሂሳብ መዝገብም ይጠየቃል።

ቅጂን በተመለከተ ቁርጥ ያለ ምክር ልስጥ። አንድ የውጭ ዲስክ ይግዙ፤ ዓርብ ዓርብ ሱቅ ሲዘጉ መዝገቡን ይገልብጡና ዲስኩን ነቅለው ቤት ይውሰዱት። እንደተሰካ የሚያድር ዲስክ ከማሽኑ ጋር አብሮ ይቆለፋል። በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ ቅጂው በእርግጥ መከፈቱን ይሞክሩ።

ለዚህ ሳምንት አንድ ሥራ ልተውላችሁ። ማሽኑ ጤነኛ በሆነበት በአንዱ ቀን ታስክ ማናጀሩን ከፍታችሁ ዝርዝሩን በስልካችሁ ፎቶ አንሡት። የታመመ ቀን ከጤናው ጋር የሚያስተያዩት ይኖራችኋል። በደህናው ቀን የቤቱን ሰው ሁሉ ለይቶ የሚያውቅ፣ እንግዳ የገባ ዕለት ቶሎ ይነቃል። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይህ ነው።